በአረም ወቅት የተወለዱት መምህርት

መምህርት ሴሊና ናሊያካ ማሩቲ ከአባታቸው ከዮና ማሩቲ እና ከእናታቸው ከራሔል ናፉላ እ.ኤ.አ. በ1953 በኤልጎን ተራራ ግርጌ፣ ናምቤሊ በምትባለው መንደራችን ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ የለም። ወቅቱ ግን አይጠፋም፤ በቆሎው ጉልበት ደርሶ አረሙ የሚነቀልበት ጊዜ ነበር። እናታቸው ምጥ ሲመጣባቸው መኮትኮቻውን እዚያው ትልሙ ላይ ጥለው ወደ ቤት ገሠገሡ። እኛ ቡኩሱዎች ዘንድ በአረም ወቅት የተወለደች ሴት ናሊያካ ትባላለችና ስም ለማውጣት የተቸገረ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ያላወቁት፣ ያወጡላቸው ስም ብቻ ሳይሆን ሥራም መሆኑን ነው። መምህርት ናሊያካ ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሙ ኖሩ፤ መጀመሪያ በቆሎ፣ ከዚያ የተማሪ ደብተር፣ በመጨረሻም ይህንኑ አሁን የሚነበብላችሁን ጽሑፍ።

አዎ፣ አርመውታል። ጽሑፉን ያዘጋጀው የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ካሌብ ነው፤ ያዘጋጅም ዘንድ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዞ አልጋቸው ዘንድ ሲቀርብ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለሁሉ እናት የነበሩ፣ ጨካኙ ሞት በድንገት የነጠቀን» የሚል መግቢያ ነበረው። ቀዩን እስክሪብቶ አስመጡና መነጽራቸውን ሰኩ።

«ካሌብ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ሴንጌ!» አለ፤ ሴንጌ በእኛ አገር የአባት እህት የምትጠራበት ነው።

«እኔማ አላውቃትም። እስቲ ይሄንኑ ለጎረቤታችን ለማርጋሬት ብታነብላት አይሆናትም?»

«ይሆናታል።»

«ለማርጋሬት አማትስ?»

«ለእሷም... ይሆናል።»

«እንግዲያው የማንም አይደለም። ለሁሉ የሚሆን ዓረፍተ ነገር አረም ነው፤ ንቀለው! ደግሞስ ምን ድንገት አለው? ይኸው ስንት ወር ሙሉ እየሞትኩ አይደለም እንዴ?»

ይህ ብቻ አይደለም። ካሌብ ከ1990 ዘሎ 1992 ላይ ማረፉን አይተው ወረቀቱን መለሱለት። «ዘጠና አንድን የት ጣልካት? ጎበዝ! ሰብሉን ነቅለህ አረሙን ተውክልኝ» አሉት። ስለዚህ ዘጠና አንድ እሳቸው እንዳዘዙት በቦታዋ ትነገራለች፤ ቅር የሚለው ዘመድ ቢኖር ቅሬታውን መቃብሩ ላይ ያቅርብ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን ትምህርት ቤት ጀመሩ። መቀመጥ የማይችሉ ልጅ ነበሩ። ከወንበር በተነሡ ቁጥር አንድ መምህር ኩርኩም ቢያሳርፉባቸው፣ ቆመው መጻፍ ለመዱ። ጽሕፈታቸው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ የሚያቀናው ከዚያ የተነሣ ነው ይባላል። በ1968 የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። በ1973 መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርነት ወደዚሁ ወደ ናምቤሊ ተመለሱ።

በ1977 የወፍጮ ቤት ባለቤት ከነበሩት ከኤልያኪም ሲታቲ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። ሁለቱን ያስተዋወቃቸው በቆሎ ነው። መምህርት ናሊያካ ወረፋ መጠበቅ ስለማያውቁ ቀድመው አስፈጭተው ለመሄድ ባነሡት ጭቅጭቅ ኤልያኪም ልባቸው ተነካ። ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ ቢሆንም አብረው ቁጭ ብለው ሻይ የጠጡበትን ቀን ያየ የለም። እሳቸው የተማሪ ደብተር በክንዳቸው ላይ ዘርግተው ከማድ ቤት እስከ በር እየተመላለሱ ያርማሉ፤ ሻዩ ይበርዳል፤ ኤልያኪም ይስቃሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንበሩ ይናከሳል እንዴ?»

«ይናከሳል። አንተን ነክሶ አይደል እንዴ ሽባ ያደረገህ?»

ሩት፣ ዮታም እና ፌቤ የሚባሉ ሦስት ልጆችን አፈሩ። ልጆቹ እናታቸው ቁጭ ብለው ያዩአቸው ሲወልዱ ብቻ ነው ይላሉ፤ ፌቤ ደግሞ ያን ያየ ማን አለና ትላለች።

አሁን ወደ ዘጠና አንድ። በእኛ አገር የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለት የልጅ ዕጣ ማለት ነበር። ጥሩ ያመጣ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል፤ ያላመጣ ሸንኮራ ይቆርጣል ወይም ያገባል። ከፈተናው ደግሞ ወላጅን እንቅልፍ የሚነሣው በአርባ ደቂቃ የሚጻፈው የእንግሊዝኛ ድርሰት ነበር። መምህርት ናሊያካ ለዚህ መድኃኒት አገኘሁ አሉ። ራሳቸው አንድ መግቢያ ጻፉና ክፍሉን በሙሉ አስጠኑት፦ «ፀሐይ እንደ ወርቅ ሳህን ደምቃ በወጣችበት፣ ወፎችም በዛፎች ላይ ሆነው ጣዕመ ዜማቸውን በሚያሰሙበት በዚያ ውብ ማለዳ፣ ልቤ በደስታ እየዘለለ ከአልጋዬ ተነሣሁ።» ልጆቹ ውኃ ሲቀዱ ይሉታል፤ ፍየል ሲያስሩ ይሉታል። ርእሱ ሠርግም ይሁን እሳት፣ ሌባም ይሁን የመኪና አደጋ፣ ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ወፎቹም ይዘምራሉ። ፈታኞች ወደዱት፤ ውጤት ሽቅብ ወጣ። ወላጅ ዶሮ ይዞ ይመጣ ጀመር። የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ሳይቀሩ መግቢያውን እየገለበጡ ወሰዱ።

የዚያ ዓመት ርእስ «ዝናቡ አልቆም ያለበት ቀን» የሚል ሆነ።

ሃያ ሦስቱም ልጆች ፀሐይዋን አወጧት። ምን ያድርጉ? የተማሩት ሌላ መግቢያ የለም። አንዱ፣ ዛሬ በመካከላችን የሚገኘው ፓትሪክ ዋፉላ፣ ነገሩ አልገጥም ቢለው ብልኀት ፈጠረ፦ «ልቤ በደስታ እየዘለለ ከአልጋዬ ተነሥቼ ጎርፉ ውስጥ ገባሁ።» አሁን እንስቅበታለን። ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። ሃያ ሦስት ወረቀት፣ ቃል በቃል አንድ መግቢያ፤ በፈታኞች ዓይን ይህ ኩረጃ እንጂ ሌላ ምን ሊመስል ይችላል? የክፍሉ ውጤት በሙሉ ተሰረዘ።

ወላጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። የጄንትሪክስ ናሳምቡ አባት ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። ጄንትሪክስ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች፤ መግቢያውንም አንድ ነጥብ ሳታዛንፍ የጻፈችው እሷ ናት።

«ልጄ አልሰረቀችም» አሉ ሰውየው። «ሌባ ካለ ይነገረን።»

ርእሰ መምህሩ ስለ አቤቱታ ሊናገሩ ጀምረው ነበር። መምህርት ናሊያካ ከኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ከቆሙበት፣ አቋረጧቸው።

«ሌባዋ እኔ ነኝ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው አልተኮራረጁም፤ እኔ ነኝ ያስኮረጅኳቸው፣ ገና ክፍል ውስጥ እያሉ። ድርሰት አላስተማርኳቸውም፤ አፋቸው ውስጥ የራሴን ወሬ ሞላሁባቸው።»

ከዚያ አንዲት እናት «ታዲያ ምን ይሁን? ፀሐይዋን እንብላት?» ብለው ጮኹ። መምህርት ናሊያካ ቤት ሲመለሱ ለኤልያኪም ሃያ ሦስቱም የምስክር ወረቀታቸውን እስኪያገኙ ድረስ እንደማያርፉ ነገሯቸው። ኤልያኪምም «ድሮስ መቼ ዐርፈሽ ታውቂያለሽ?» አሉ፤ በዚያ ቀን ግን አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ሕይወታቸው ሩጫ ነው። በየቤቱ ዞሩ። የተናደደ አባት ውሻ ለቀቀባቸው፤ የውሻውን ስም ጠይቀው በማግስቱ በስሙ እየጠሩት ተመለሱ። ትምህርት ቤቱ ለደጋሚዎች ክፍል የለኝም ቢላቸው በባላቸው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ አስተማሩ። እዚያ ነው አዲሱን ትምህርት ያገኙት። ከመጽሐፍ አላመጡትም፤ ከስማቸው አመጡት እንጂ። ድርሰት እርሻ ነው አሉ። መጀመሪያ ታርሳለህ፦ ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ ያሸተትከውን በቁራጭ ወረቀት ታወጣለህ። ቀጥሎ ትዘራለህ፦ ወደ ኋላ ሳትል፣ ሳትሰርዝ ትጽፋለህ። በመጨረሻ ታርማለህ። ዘር የበተነ ሁሉ ገበሬ አይደለም፤ ገበሬ በአረም ጊዜ ይታወቃል ይሉ ነበር። ለፈተናም ከአርባው ደቂቃ ዐሥሩን ለአረም አስቀሩ። ቀድሞ ጨርሶ እጁን የሚያጣጥፍ ልጅ ካዩ ወዮለት!

ማረሚያው ደግሞ እንዲህ ነበር። ልጁ የጻፈውን እህል ለማስፈጨት ለተሰለፉት ሴቶች ጮክ ብሎ ያነባል፤ ወፍጮው እየጮኸ። ሴቶቹ ጆሮአቸውን ካዘነበሉ ዓረፍተ ነገሩ ይኖራል፤ ወሬ ከጀመሩ ይነቀላል። ፓትሪክ ዋፉላ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሌባ አነበበ፤ መንደሩ እንዴት በሐዘን እንደተዋጠ፣ እንባ እንደ ወንዝ እንደፈሰሰ።

«ቆይ፣ ሌባው ምን ሰረቀ?» አሉ አንዲት ሴትዮ ከነዱቄታቸው።

«እሱን... አልጻፍኩትም።»

«አይ ልጄ! ታዲያ መንደሩን በሙሉ በባዶ ታስለቅሳለህ?»

መምህርት ናሊያካ በደስታ ሊበሩ ደረሱ። ለፓትሪክም «ሰማህ? ከእኔ የተሻሉ ፈታኝ ናቸው። ሂድና ሌባው የሰረቀውን ፈልገህ አምጣ» አሉት። ሌባው የሰረቀው በግ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም የፓትሪክ የገዛ አባት በግ። በቀጣዩ ዓመት ፓትሪክ አለፈ። ዛሬ የጣቢያ ፖሊስ ነው፤ የሚጽፈው ቃል አጭርና ግልጽ በመሆኑ ሌቦች አይወዱትም።

አንዳንዱ በዓመቱ፣ አንዳንዱ በአምስተኛው ዓመት፣ አንዷ ሦስት ልጅ ወልዳ፣ እያሉ እያሉ ሃያ ሁለቱ ተፈትነው ወረቀታቸውን ያዙ። ጄንትሪክስ ብቻ ቀረች። ውጤቱ በተሰረዘበት በዚያው ዓመት አባቷ ዳሯት፤ ቸዌሌ ገበያ ሙዝ መሸጥ ጀመረች። መምህርት ናሊያካ መጀመሪያ የሄዱባት ቀን ከሚዛኗ እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ማዳም፣ ያኔ ያሉኝን አደረግሁ። ከሁሉም አብልጬ አደረግሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልዎት?»

«አሁን ደግሞ ያላልኩሽን እንድታደርጊ ነው የመጣሁት።»

«ሙዝ ይገዛሉ ወይስ ሰው ያስመልሱብኛል?»

ገዙ። መምህርት ናሊያካ ሙዝ አይወዱም፤ ሽታው ራሱ ያንገሸግሻቸዋል። ግን ደንበኛን ማባረር ነውር ነውና ሙዝ የያዘ ሰው መቆም ይችላል፤ የቆመ ሰው ደግሞ አንድ ሁለት ቃል ይናገራል። በገበያው ቀን ሁሉ ሄዱ። ዝናብ ቢጥልም ሄዱ፤ ኤልያኪም በ2004 ባረፉ ሳምንት እንኳ በሐዘን ልብሳቸው ሄዱ። ቤተ ሰቡ ሙዝ ቀቅሎ በላ፣ ጠብሶ በላ፣ ለላም ሰጠ። ኤልያኪም በሕይወት ሳሉ እንግዳ ሲመጣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ባለቤቴ የማትበላውን ብሉልን» ይሉ ነበር። ጄንትሪክስ በበኩሏ ሙዝ ትሸጣለች፣ ስለ ዝናብ ታወራለች፣ ስለ ፈተና ሲነሣ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ትዞራለች። ልጆቻቸው ይተዉአት ቢሏቸው መምህርት ናሊያካ ይቆጡ ነበር። «እሷ ናት ከሁሉም በላይ ያመነችኝ። ያመነኝን ትቼ ወዴት ልሂድ?» ይሉ ነበር።

በ2008 ጡረታ ወጡ። ጡረታ ማለት ዕረፍት ነው ብለን ሶፋ ገዛንላቸው፤ ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ድመት ናት።

በ2015 አንድ ከሰዓት በኋላ ጄንትሪክስ የሞተር ብስክሌት ታክሲ ተሳፍራ፣ የመጨረሻ ልጇን መርሲን ከኋላ አስቀምጣ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ዱብ አለች። ፊቷ ቀልቷል። የልጅቷን ደብተር ገልጣ አፍንጫቸው ሥር ዘረጋችው። ርእሱ «አያቴ የታመመችበት ቀን» ይላል። ቀጥሎም ፀሐይ እንደ ወርቅ ሳህን ደምቃ ወጥታለች፣ ወፎቹ ጣዕመ ዜማቸውን እያሰሙ ነው፣ ልብም በደስታ እየዘለለ ነው።

ያ መግቢያ፣ ከመምህር ወደ መምህር፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዞር ኖሮ፣ የጄንትሪክስ ልጅ ዘንድ ደረሰ።

«አያትሽ ታማ ልብሽ በደስታ ዘለለ?» ብላ ስትጮህባት ልጅቷ አለቀሰች። ጄንትሪክስም ወደ መምህርቷ ዞራ «እርስዎ ነዎት የዘሩት። እርስዎ ይንቀሉልኝ!» አለች።

መምህርት ናሊያካ ደብተሩን ደጋግመው አነበቡት። ያን ቀን፣ ካሌብ ባለበት፣ ወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ አልቆዩም፤ ግን ቁጭ አሉ።

«እነቅላለሁ» አሉ ሲነሡ። «ብቻዋን ግን አላስተምራትም። አረም ከአንድ ማሳ ነቅለህ ከጎኑ ያለውን ብትተወው ተመልሶ ይመጣል። አንቺም አብረሽ ትቀመጫለሽ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ገበያው ምን ይለኛል!»

«ገበያው ሙዝ ይብላ።»

ጄንትሪክስ ሳቀች። ከዘጠና አንድ ወዲህ ለእሳቸው ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እናትና ልጅ በዚያ ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን አረሱ፣ ዘሩ፣ አረሙ። ጄንትሪክስ ከባድ ተማሪ ነበረች። ስለ ገበያ ጻፊ ስትባል ዋጋ ትዘረዝራለች፤ ስለ ራስሽ ሲሏት «ምን አለኝና?» ትላለች። በ2016 የፈተናው ዕለት ከልጆች ጋር ስትሰለፍ ዘበኛው «ወላጆች ከበር ውጭ!» ብሎ ጮኸባት። እሷም የመፈተኛ ቁጥሯን አሳይታው «ወላጇ ቤት ቀርታለች፤ የመጣችው ተማሪዋ ናት» አለችው።

መምህርት ናሊያካ በዚያን ጊዜ ኩላሊታቸው ከድቷቸው ነበር። እግራቸው አብጦ እንኳ ከአልጋ እስከ መስኮት ግድግዳ ይዘው ይመላለሳሉ። ሐኪሙ እንዲተኙ ለመኗቸው፤ የሐኪሙን የመድኃኒት ማዘዣ ጽሕፈት ዐርመው ሰጧቸው። ጠዋት የሚጠይቁት ውጤት መጣ ወይ ብለው ነው፤ ማታም ያው። ገና ነው ስንላቸው ዓይናቸውን ወደ በሩ ይመልሳሉ። የጽሑፉን ሁለተኛ ረቂቅ ካረሙ በኋላ ከመጨረሻው ገጽ ግማሹን ባዶ አስቀሩት። «ያላየኸውን አትዝራ። የጄንትሪክስን ስታውቅ ትሞላዋለህ» አሉት ካሌብን። «ካላለፈችስ ሴንጌ?» ሲላቸው «እውነቱን ትጽፋለህ፤ እኔም ሳላርፍ እተኛለሁ» አሉ።

መምህርት ሴሊና ናሊያካ ማሩቲ እሑድ ኅዳር 27 ቀን 2016 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ውጤቱን ሳያዩ ሄዱ። ይህ ያንገበግበናል፤ ወደፊትም ያንገበግበናል። ልጆቻቸው ሩት፣ ዮታም እና ፌቤ፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት፣ በየአገሩ ያሉ ተማሪዎቻቸው እና ሶፋዋን የወረሰች ድመት ከኋላ ቀርተዋል።

ውጤት የወጣው ሐሙስ ነው። ካሌብ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ባዶውን ግማሽ ገጽ ይዞ ቆሞ ሳለ ጄንትሪክስ ደወለች። አልፋለች። ልጅቷም አልፋለች፤ በድምሩ እናቷን በጥቂት በልጣለች። «በሒሳብ ነው የበለጠችኝ» አለች ጄንትሪክስ፤ «በእንግሊዝኛ ግን አልደረሰችብኝም! ለማዳም ይህን ጻፍልኝ።» ካሌብም ድርሰቱን በምን ጀመርሽው ብሎ ጠየቃት። መግቢያውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ያስጠናት ግን ማንም አልነበረም። ሃያ ሦስተኛዋ ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«አንዲት ሙዝ የማትወድ ሴት ለሃያ አምስት ዓመት ከእኔ ሙዝ ስትገዛ፣ እንደማትወድ እያወቅሁ ሸጥኩላት፤ ብነግራት እንዳትቀር ፈርቼ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ለማርጋሬት አይሆንም። ለማርጋሬት አማትም አይሆንም። ካሌብ ለወፍጮ ቤቱ ሴቶች ሲያነብላቸው ወሬ የጀመረ አልነበረም።

የዘር፣ የአረምና የመከር ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበል። ሃያ ሦስቱም ተሟልተዋል፣ ማዳም። በሉ እንግዲህ፣ ይቀመጡ።